የማይክሮዌቭ አምፕሊፋየር ባያስ፦ ከረንቱ ሲረጋ ጌይኑ ይጠፋል፣ ጌይኑ ሲመጣ ከረንቱ ይሸሻል?

በዚህ ጥያቄ ላይ የተከፈተው የውይይት ክር በጣም ረዘመ። ባያስ ማለት ትራንዚስተሩ እንዲሠራ የሚሰጠው ቋሚ (ዲሲ) ቮልቴጅና ከረንት ነው፣ ጌይን ደግሞ ሲግናሉን የማጉላት አቅሙ። መሃል ላይ ጭቅጭቅ ገባበት፣ ሦስት ቦታም ወደ ሌላ ጨዋታ ሄደ። አዲስ የገቡ ሰዎች መልሱ የት እንዳለ እየጠፋባቸው ስለሆነ ማን ምን እንዳለ በተራ እተርካለሁ። ቁጥሮቹ የምላሾቹ ቁጥሮች ናቸው። የማልስማማበት ቦታ ላይ ዝም ብዬ አላልፍም፤ ጉዳዩ ልቤ ውስጥ ያለ ነው።

መነሻ ፖስት። ጠያቂው ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማር የደሴ ልጅ ነው። ሜትኦፕ የሚባሉት የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች በ1701.3 ሜጋኸርዝ የሚያወርዱትን ምስል ራሱ በሠራው መሣሪያ መቀበል ይፈልጋል። ለዚህ ከአንቴናው ሥር የሚገባ ባለ አንድ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ሠርቷል። ትራንዚስተሩ ቢኤፍፒ420 ነው። ፓወሩ 5 ቮልት ነው። ከትራንዚስተሩ እግሮች ቤዙ የሲግናሉ መግቢያ፣ ኮሌክተሩ መውጫው፣ ኤሚተሩ ወደ ግራውንድ የሚወርደው ነው። የሚፈልገው ኮሌክተሩ ላይ 2 ቮልትና 5 ሚሊአምፔር ነው፤ የዚህ ትራንዚስተር ኖይዝ የሚያንሰው እዚያ አካባቢ ነውና።

መጀመሪያ የሠራው ክፍል ውስጥ እንደተማረው ነው። ቤዙ ላይ በሁለት ሬዚስተር ቮልቴጅ አካፈለ፣ ኤሚተሩ ሥር 100 ኦም አስገባ፣ ከ100 ኦሙ ጎን 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አሠረ። ከረንቱ ሸጋ ሆኖ ቆመ። ጌይኑ ግን የለም። ከ15 ዴሲቤል በላይ ጠብቆ ያገኘው 5 አካባቢ ነው። ከዚያ ኤሚተሩን ቀጥታ ግራውንድ ሰጠና ማካፈያውን አስተካክሎ እዚያው ተወው። አሁን ጌይኑ መጣ። ከረንቱ ግን ደሴ ቤታቸው ጠዋት 5 ሚሊአምፔር የነበረው ኮምቦልቻ ቀትር ላይ 9 ሆኖ አገኘው። በዚያ ላይ ሪሲቨሩ ላይ ምንጩ ያልታወቀ ጩኸት ሞላ። ከዚህ ተነስቶ ደመደመ፦ ማይክሮዌቭ ላይ ወይ የረጋ ከረንት ነው ወይ ጌይን፣ ሁለቱ አብረው አይገኙም። የቱን ልምረጥ ብሎ ጠየቀ።

ጥያቄው በደንብ የተጠየቀ ነው። የለካውን ጻፈ፣ የሠራውን ጻፈ። ድምዳሜው ግን ትክክል አይደለም፤ የክሩ ሙሉ ጉዳይም ይኸው ነው።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መላሽ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ዲሽና ሪሲቨር የሚጠግኑ ጋሼ ናቸው። ልጁን አብሽር አሉት፣ ሥራውን አመሰገኑ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ከረንቱን እየለካህ ጣትህን ወደ ኮሌክተሩ ስታስጠጋ ቁጥሩ ይነቃነቃል ወይ የሚል ነው። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ይህን ጥያቄ ማንም ልብ አላለውም፣ ልጁም አልመለሰውም። ከብዙ ምላሽ በኋላ ነው ዋጋው የታወቀው።

ምላሽ 2። ኮምቦልቻ የሚያስተምሩ መምህር ገብተው ረጅም ጻፉ። የሲሊከን ትራንዚስተር ከረንቱ ሳይለወጥ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ከቤዝ እስከ ኤሚተር ያለው ቮልቴጅ 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። ቮልቴጁን ከውጭ አጥብቀው ከያዙት ደግሞ ከረንቱ ይወጣል፤ ማካፈያው በጣም ጠንካራ ከሆነ በየ9 ዲግሪው ገደማ እጥፍ ይሆናል። የልጁ ወደ 9 ብቻ የወጣው የማካፈያው ሬዚስተሮች ራሳቸው ትንሽ ስለያዙለት ነው አሉ። ኤሚተር ሥር ያለው ሬዚስተር ይህን የሚከላከለው ከረንቱ ሲጨምር የኤሚተሩን ቮልቴጅ ከፍ በማድረግ ነው። እስከዚህ ድረስ ከክፍል ትምህርት የተለየ ነገር የለም።

ቀጥለው ግን ጌይኑ ለምን እንደጠፋ በቁጥር አሳዩ፤ ይህንን ክፍል ሁሉም ሰው ቢያነበው እወዳለሁ። በ5 ሚሊአምፔር የኤሚተሩ የራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ 26 ለ5 ሲካፈል ነው፣ 5.2 ኦም ገደማ። በ1.7 ጊጋኸርዝ 1 ናኖሄንሪ ኢንደክታንስ 10.7 ኦም ይሆናል። 100 ፒኮፋራድ በወረቀት ላይ ከ1 ኦም በታች ስለሆነ ኤሚተሩ ግራውንድ የተሰጠ ይመስላል። ግን ካፓሲተሩ የራሱ ኢንደክታንስ አለው፣ በቦርዱ ውስጥ አልፎ ወደ ግራውንዱ የሚወርደው ቀዳዳም አለው። ሁለቱ ተደምረው ከ1 ናኖሄንሪ ያልፋሉ። ስለዚህ ትራንዚስተሩ ከራሱ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚበልጥ እንቅፋት እግሩ ሥር ተቀምጦበታል። ጌይኑ የሄደው እዚያ ነው።

ምላሽ 3 እና 4። ሦስተኛው ተስማማና 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ተራ ቦርድ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻውን 1 ናኖሄንሪ ገደማ እንደሆነ ጨመረ። ቢኤፍፒ420 ሁለት የኤሚተር እግር አለው፤ በእያንዳንዱ እግር አጠገብ ሁለት ሦስት ቀዳዳ መብሳት እንደሚያስፈልግም ተናገረ። አራተኛው በትሕትና አረመው። ኢንደክታንሱን ሙሉ በሙሉ ጠላት ማድረግ ልክ አይደለም። በዝቅተኛ ኖይዝ አምፕሊፋየር ላይ ሆን ተብሎ የሚገባ ትንሽ የኤሚተር ኢንደክታንስ አለ፤ ለኖይዝ የሚመቸውን ማች (ትራንዚስተሩን ከአንቴናው ጋር ማጣጣሙን) ለሲግናል ከሚመቸው ጋር ያቀራርባል። ነገር ግን የናኖሄንሪ ክፍልፋይ ነው፣ እሱም ተሰልቶ የሚገባ። ሲበዛ ከፍ ባለው ፍሪኩዌንሲ ላይ ኦሲሌሽን ያመጣል፤ ማለትም አምፕሊፋየሩ ራሱ ሲግናል እያመነጨ ይጮኻል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ሳይታሰብ ስለሚገባው፣ ሌላው ታስቦ ስለሚገባው ነው የሚያወሩት።

ምላሽ 5። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንዱ ገብቶ ማካፈያ ይዞ ኤሚተሩን ግራውንድ መስጠት የአንደኛ ዓመት ስህተት ነው፣ ሳታነቡ አትሥሩ የሚል ነገር ጻፈ። ነገሩ እውነት ነው፤ ያ አሠራር ከሁሉም የከፋው ነው። አነጋገሩ ግን አልነበረበትም። ልጁ በ6 ላይ ለካሁ፣ ችግሩን ራሴ አገኘሁት፣ የጠየቅሁትም ለዚያ ነው ብሎ መለሰለት። አጭርና ልክ መልስ ነው።

ምላሽ 7። ለእኔ የክሩ ምርጥ ምላሽ ይህ ነው። የጻፈችው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የማሽን ኤሌክትሮኒክስ የምትጠግን እህታችን ናት። ሰድባ ሳይሆን አስልታ ነው የመጣችው። ሐሳቧ ከረንቱን የመጠበቁን ሥራ ከኤሚተሩ አንስተን ወደ ኮሌክተሩ እንውሰደው ነው። ኤሚተሩ ቀጥታ ግራውንድ ይሁን። ከ5 ቮልቱ ወደ ኮሌክተሩ 590 ኦም አካባቢ አስገቡ። የቤዙን ሬዚስተር ከ5 ቮልቱ ሳይሆን ከዚህ 590 ኦም ማዶ፣ 2 ቮልቱ ካለበት ነጥብ ውሰዱት። 2 ሲቀነስ 0.8፣ ለ50 ማይክሮአምፔር ሲካፈል 24 ኪሎኦም ይመጣል። ከረንቱ ከጨመረ 590ው ላይ የሚወድቀው ቮልቴጅ ይጨምራል። ነጥቡ ይወርዳል፣ ወደ ቤዙ የሚሄደው ይቀንሳል። ራሱን በራሱ ይመልሳል።

ከዚያ አነጻጸረች። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ትራንዚስተሮች ቤታ (የቤዙ ከረንት ኮሌክተሩ ላይ ስንት እጥፍ እንደሚሆን የሚናገረው ቁጥር) እኩል አይደለም፤ የቢኤፍፒ420 ከ60 እስከ 130 ሊሆን ይችላል። የቤዙን ሬዚስተር ቀጥታ ከ5 ቮልት በ84 ኪሎኦም ብታመጡት፣ ቤታው 60 የሆነው 3 ሚሊአምፔር፣ 130 የሆነው 6.5 ሚሊአምፔር ይስባል። በእሷ አሠራር ግን 4.2 እና 5.4 ይሆናል። ትራንዚስተር መርጦ ለመግዛት ለማንችል ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሙቀቱንም አሰበችው። ደሴ ጠዋት በ10 ዲግሪ ጀምሮ ኮምቦልቻ ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠ ሣጥን ውስጥ 55 ቢደርስ ልዩነቱ 45 ዲግሪ ነው፣ 90 ሚሊቮልት። ከ4.2 ቮልት ላይ 90 ሚሊቮልት ማለት 2 በመቶ ነው። ቤታውም በሙቀት ስለሚያድግ ትንሽ ይጨመርበታል፤ ያም ሆኖ ከረንቱ እጥፍ አይሆንም።

አንድ ነገር በተለይ አሳሰበች። የትራንዚስተሩ ኤስ ፓራሜትር ፋይል (ሲግናልን እንዴት እንደሚያሳልፍና እንደሚመልስ የሚናገረው) በተወሰነ ቮልትና ከረንት ላይ የተለካ ነው። ልጁ ማቹን የነደፈው በ2 ቮልትና 5 ሚሊአምፔሩ ፋይል ነው። ከረንቱ 9 ከሆነ ያ ፋይል ስለ ሌላ ትራንዚስተር ነው የሚያወራው። ባያሱ ከሸሸ የማቹ ስሌት ሁሉ አብሮ ይሸሻል።

ምላሽ 8። አንዱ 24 ኪሎኦሙ ራሱ ኖይዝ አያመጣም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መምህሩ በ9 ላይ መለሱ፦ 50 ኦም ምንጭ ላይ 24 ኪሎኦም በጎን ሲቀመጥ የሚጨምረው ኖይዝ 0.01 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ መግቢያው ላይ ያለው ኮኔክተር ከዚህ በላይ ይበላል። ሬዚስተሩ ግን ከቤዙ ትራክ ጋር ተጣብቆ መቀመጥ አለበት። ከትራኩ ራቅ ብሎ በሽቦ ከተገናኘ ያ ሽቦ ለሲግናሉ ስተብ (ማቹን የሚያዛባ ቅርንጫፍ) ይሆንበታል።

ምላሽ 10። ይህኛው የበለጠ ጥንካሬ ፈለገ። ፒኤንፒ ትራንዚስተር ጨምሩ አለ፣ ቢሲ557 ይበቃል፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ይነቀላል። የፒኤንፒው ቤዝ በማካፈያ 1.35 ቮልት ላይ ይያዛል። ኤሚተሩ 2 ቮልቱ ነጥብ ላይ ይቀመጣል፣ ኮሌክተሩ የማይክሮዌቩን ቤዝ ይመግባል። 600 ኦሙ ላይ 3 ቮልት እስኪወድቅ ድረስ ይመግባል፣ ከዚያ ያቆማል። 3 ለ600 ሲካፈል 5 ሚሊአምፔር። የማይክሮዌቩ ቤታ 60 ሆነ 130 ለውጥ የለውም። በሙቀት የሚንሸራተተው የፒኤንፒው 90 ሚሊቮልት ብቻ ነው፣ ከ3 ቮልት 3 በመቶ። ይህን ሁሉ በአንድ ጥቅል የያዘ ቢሲአር400 የሚባል አይሲም እንዳለ ጠቆመ። በ11 ላይ የፓርኳ እህት ተስማማችና ማስጠንቀቂያ ጨመረች። ሁለቱ ትራንዚስተሮች አንድ ላይ ክብ ሠርተዋል፣ በክቡ ውስጥ ያለው ጌይን ብዙ ነው። የማይክሮዌቩ ቤዝ በሚመገብበት ቀዝቃዛ ጫፍ ላይ ጠቀም ያለ ካፓሲተር ካልተቀመጠ ባያሱ ራሱ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ይወዛወዛል። ለአንድ ሰው ፕሮጀክት የ7ቱ ይበቃል፣ ለብዙ ምርት 10ኛውን ምረጡ አለች። እኔም እዚያው ነኝ።

ከ12 እስከ 15 ጨዋታው ወደ ዲሽ ሄደ። ከርዕስ የወጣ ቢመስልም ብዙ ትምህርት አለው። የፒያሳው ጋሼ ተመልሰው መጡና የዲሽ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ለፊት የሚገጠመው ተቀባይ) ሁሉ የባያስ ትምህርት ቤት ነው አሉ። ከሪሲቨሩ በገመዱ 13 ቮልት ሲመጣ የቨርቲካሉ፣ 18 ሲመጣ የሆሪዞንታሉ የፊት ትራንዚስተር ባያስ ያገኛል፣ ሌላው ይዘጋል። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ የሚመርጠው ባያሱ ነው። አንድ ደንበኛ ሆሪዞንታል ቻናሎቹ ብቻ ጠፍተውበት ገመድ ሲቀያይር ከርሞ ወደ እሳቸው መጣ። ከፍተው ሲለኩ የዚያኛው ትራንዚስተር ጌት (በዚህ ዓይነቱ ላይ የቤዝን ቦታ የያዘው እግር) ቮልቴጅ ሞቷል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምልክቱ ይኸው ሆኖ ጥፋቱ የገመዱ ነበር። ኤልኤንቢው 150 ሚሊአምፔር ቢስብና ገመዱ 10 ኦም ቢኖረው 1.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ሪሲቨሩ ራሱ ከደከመ 18ቱ እንደ 18 አይደርስም። ስለዚህ መጀመሪያ ገመዱ ጫፍ ላይ ቮልቴጅ ለኩ፣ ከዚያ ክፈቱ ነው ምክራቸው።

በ13 ላይ አንዱ እነዚያ ትራንዚስተሮች ኔጋቲቭ ጌት እንደሚፈልጉ አስታውሶ ኔጋቲቩ በ13 ቮልት ገመድ ውስጥ ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ዜድኤንቢጂ የሚባሉትን አይሲዎች ጠቀሱ። ኔጋቲቩን ውስጣቸው ያመነጫሉ፣ የድሬኑንም (የኮሌክተርን ቦታ የያዘውን እግር) ከረንት እየለኩ ጌቱን ያስተካክላሉ። ከ10ኛው ምላሽ ፒኤንፒ ጋር አንድ ሥራ ነው፤ በአይሲ ተጠቅልሎ ቀረበ እንጂ። 14 እና 15 ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲስተካከል የጦሳ ተራራ ይከልላል አይከልልም ወደሚል ገቡ። የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት ተነሳ፤ የደሴዎቹ ትራንዚስተር እንኳን የእኛን አየር ይመርጣል አሉ፣ ኮምቦልቻዎቹም ዝም አላሉም። ይህን እዘለዋለሁ።

ምላሽ 16 ጠብ አመጣ። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ ተሠርቶ የሚሸጥ አምፕሊፋየር አለ፣ ግዛና ተገላገል አለ። ማር6 የመሳሰለ ኤምኤምአይሲ (አምፕሊፋየሩ በሙሉ በአንድ ቺፕ የተሠራ) ወስደህ አንድ ሬዚስተር ብታስገባ ያልቃል፣ 3.5 ቮልት ላይ 16 ሚሊአምፔር ነው፣ ከ5 ቮልት ስትነሳ 1.5 ለ16 ሚሊአምፔር፣ 94 ኦም ገደማ፣ አለቀ። ስሌቱ ልክ ነው። በ17 ላይ ግን የ5ኛው ቁጡ ሰው ተመልሶ ያንኑ ስሌት ያዘና ራሱ ላይ አዞረበት። ሬዚስተሩ ላይ የሚወድቀው 1.5 ቮልት ብቻ ከሆነ ከረንቱን የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው፤ በሙቀት የአይሲው ቮልቴጅ ትንሽ ሲወርድ ከረንቱ በብዙ ይወጣል። ከ9 ወይ ከ12 ቮልት ተነስተህ ትልቅ ሬዚስተር ብታስገባ ይረጋል። ማለትም ግዛ ብለህ ባመጣኸው ነገር ውስጥም ያው የባያስ ጥያቄ አለ። አነጋገሩ አሁንም ሻካራ ነው፤ በዚህኛው ላይ ግን አብሬው ነኝ። ልጁ መማር ነው የፈለገው። ግዛ የሚለው መልስ ለተማሪ መልስ አይደለም። መምህሩም በ18 ላይ ሁለቱንም ቀስ አድርገው አረጋጓቸው፣ ወንድሞቼ ልጁ እያነበበን ነው አሉ።

ምላሽ 19። ይህን የጻፉት በገጠር የሳተላይት ጣቢያዎች ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። መብራት ሲጠፋ ትራንዚስተር ለምን እንደሚሞት ማብራሪያ ይዘው መጡ። ኔጋቲቭ ጌት የሚፈልገው ዓይነት ጋሊየም አርሴናይድ ትራንዚስተር ጌቱ ዜሮ ሲሆን አይዘጋም። ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ስለዚህ ሲበራ ጌቱ ቀድሞ፣ ድሬኑ ተከትሎ ነው። ሲጠፋ ድሬኑ ቀድሞ፣ ጌቱ ተከትሎ። በማብሪያ ማጥፊያ ይህን ማድረግ ይቻላል። ድንገት መብራት ሲሄድ ግን ማን ቀድሞ እንደሚጠፋ የሚወስኑት ካፓሲተሮቹ ናቸው። ድሬኑ በኩል ትልቅ፣ ጌቱ በኩል ትንሽ ካፓሲተር ካለ ኔጋቲቩ ቀድሞ ይሄዳል፤ ድሬኑ ላይ የቀረው ቻርጅ ሁሉ በተከፈተው ትራንዚስተር ውስጥ ያልፋል። እሳቸው የሠሩበት አንድ ጣቢያ በእጅ የተሠራ አምፕሊፋየር ነበረው፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር በተነሳ ቁጥር ይቃጠል ነበር። ያዳነው ድሬኑ መንገድ ላይ የገባ ፒ ቻናል ሞስፌት ነው፤ ኔጋቲቩ ካለ ብቻ ያሳልፋል፣ ኔጋቲቩ መውረድ ሲጀምር ይቆርጣል።

ለእኛ አካባቢ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለም። መብራት የሚመላለስበት ቦታ ላይ የማብራትና የማጥፋት ቅደም ተከተል በሰው እጅ መተው የለበትም። በ20 ላይ የፓርኳ እህት አማራጭ ጨመረች፦ ፖዘቲቭ ጌት የሚፈልጉ እንደ ኤቲኤፍ54143 ያሉ አሉ። በ3 ቮልትና 60 ሚሊአምፔር ጌታቸው 0.59 ቮልት አካባቢ ነው። ጌቱ ዜሮ ሲሆን ይዘጋሉ፣ ስለዚህ የቅደም ተከተሉ ጭንቀት ይቀራል።

ምላሽ 21። እዚህ ላይ ልጁ ተመለሰ። የ7ኛውን አሠራር ሠርቷል። ከረንቱ ጠዋት ደሴ 4.9፣ ቀትር ኮምቦልቻ 5.2 ሆኗል። ጌይኑም አለ። ጩኸቱ ግን አሁንም አልጠፋም። ሳተላይቱ ሲያልፍ ሲግናሉ ከጩኸቱ ሥር ነው። ያኔ ነው እኔ በ22 ላይ ወደ ምላሽ 1 የመለስኩት። ጋሼ መጀመሪያ ላይ የጠየቁትን አልመለስክም፣ ጣትህን አስጠጋና ከረንቱን እይ አልኩት። በ23 ላይ መለሰ፦ ሲያስጠጋ ከ5 ወደ 8 ይዘላል፣ ሲያርቅ ይመለሳል።

ጤነኛ አምፕሊፋየር ጣት አይቶ የዲሲ ከረንቱን አይቀይርም። ይህ ኦሲሌት እያደረገ ነው። ከኮሌጅ ጓደኛው ታይኒኤስኤ የሚባለውን ትንሽ ስፔክትረም አናላይዘር ተውሶ ሲያይ 140 ሜጋኸርዝ አካባቢ ትልቅ ምሰሶ ቆሟል። መሣሪያው የሚያየው እስከ 960 ሜጋኸርዝ ነው፤ 1.7 ጊጋኸርዙን አያይም፣ ለዚህ ግን በቂ ነው።

ለምን 140? የ24ኛው መላሽ፣ ያው የ4ኛው ጨዋ ሰው፣ የቦርዱን ፎቶ ጠይቆ አይቶ አብራራ። ልጁ ለኮሌክተሩ የሠራው መመገቢያ ሩብ ሞገድ ርዝመት ያለው ቀጭን ትራክ ነው። 1.7 ጊጋኸርዝ ላይ በዚህ ቦርድ 25 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ጫፉ ላይ 15 ፒኮፋራድ አለ፤ የዚህ ካፓሲተር የራሱ ኢንደክታንስ ከእሱ ጋር ተስማምቶ 1.7 አካባቢ ሙሉ አጭር ይሆናል። በ1.7 ሁሉም ነገር የተዋጣ ነው፣ ሲግናሉ መመገቢያውን ጨርሶ አያየውም። በ140 ሜጋኸርዝ ግን ያ ትራክ ሩብ ሞገድ አይደለም። ተራ ቁራጭ ሽቦ ነው። ከ15 ፒኮፋራዱ ቀጥሎ ካለው ረጅም ሽቦና ካፓሲተር ጋር ሆኖ ቲዩን ያለ (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚያስተጋባ) ሰርኪዩት ይሠራል። ትራንዚስተሩ ደግሞ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ጌይኑ ከ1.7 ጊጋኸርዝ በብዙ ይበልጣል። ጌይን አለ፣ ሬዞናንስ አለ፣ የሚያጠፋ ሬዚስታንስ የለም። ኦሲሌተር ማለት ይኸው ነው። ኦሲሌተሩ ሲጮህ ሪሲቨሩ ውስጥ እየተቀላቀለ በየቦታው ይወጣል፤ ልጁ ያየው ጩኸት እሱ ነው።

መድኃኒቱ በ25 ላይ ከመምህሩ መጣ። ከ15 ፒኮፋራዱ አጠገብ 47 ኦም እና 1 ናኖፋራድ በተከታታይ ወደ ግራውንድ። በ1.7 ላይ 15 ፒኮፋራዱ ቀድሞ አጭር ስላደረገው 47 ኦሙ አይታይም፣ ጌይን አይበላም። በ140 ላይ 15ቱ አጭር አይደለም፣ 76 ኦም ገደማ ነው፤ 1 ናኖው ግን አጭር ነው፤ ስለዚህ ትራንዚስተሩ 47 ኦሙን ያየዋል። ሬዞናንሱ ይታፈናል። ከዚያ ወደ ፓወሩ በኩል 100 ናኖና 10 ማይክሮ። የተለያየ መጠን ያላቸው ካፓሲተሮች ያለ ምንም ሬዚስተር ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ኢንደክተር፣ ሌላው ካፓሲተር የሚሆንበት ፍሪኩዌንሲ እንዳለም አስረዱ፤ እዚያ መሃል ላይ አዲስ ሬዞናንስ ይወለዳል። ብዙ ካፓሲተር መደርደር ብቻውን መፍትሔ አይደለም።

ስለ ስሌቱም አንድ እርማት ሰጡ። ልጁ ጆን ሮሌት በ1962 ያወጣውን የኬ ቁጥር (አምፕሊፋየሩ ኦሲሌት ሊያደርግ ይችላል ወይ የሚለውን የሚናገረውን) አስልቷል፣ ግን 1.7 አካባቢ ብቻ። ኬ ሲሰላ ፋይሉ ከሚጀምርበት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ እስከ መጨረሻው ነው፤ ባያሱም ከነካፓሲተሮቹና ከነትራኮቹ በስሌቱ ውስጥ ገብቶ። ብዙ ሰው ሲሙሌሽን ላይ ባያሱን ዝም ብሎ ጥሩ ቾክ (ዲሲን አሳልፎ ሲግናልን የሚያግድ ኢንደክተር) አድርጎ ይተካዋል። እውነተኛው ቦርድ ላይ እንዲህ ያለ ቾክ የለም። የኢንደክተር ዕቃ ብትጠቀሙም ከራሱ ሬዞናንስ በላይ ካፓሲተር ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው። ባያስ ከማቹ በኋላ በቀረው ቦታ የሚጠቀጠቅ ነገር መሆን የለበትም። ማቹ የሚሠራው አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው፣ ባያሱ ግን ከዲሲ ጀምሮ ትራንዚስተሩ ጌይን እስካለው ድረስ ሁሉም ቦታ ላይ አለ። ቢኤፍፒ420 እስከ 25 ጊጋኸርዝ የሚደርስ ኤፍቲ (የከረንት ጌይኑ የሚያልቅበት ፍሪኩዌንሲ) ያለው ትራንዚስተር ነው። ያን ሁሉ ስፋት የሚጠብቀው ባያሱ ነው።

26 እና 27 ስለ ዕቃ ነው። አንዱ 47 ኦም ቺፕ ሬዚስተር ደሴ የት እንደሚገኝ ጠየቀ፤ ጋሼ ከሞተ ኤልኤንቢ ንቀል፣ 15 ፒኮውም ጭምር እዚያ ውስጥ አለ፣ ሱቅ ብትመጣ እሰጥሃለሁ አሉ። የ16ኛው ሰውም መጣና የሞቱ ሁለት ኤልኤንቢዎች አሉኝ፣ እልክልሃለሁ አለው። ሸጋ ነገር ነው።

ምላሽ 28። ልጁ 47 ኦሙን አስገባ። ጣቱን ሲያስጠጋ ከረንቱ አልተነቃነቀም፣ 140ው ጠፋ፣ ሜትኦፕ ሲያልፍ ሲግናሉ ከፍ ብሎ ታየ። ግን የብረት ሣጥኑን ክዳን ሲገጥም ከረንቱ እንደገና ትንሽ ዘለለ፣ ታይኒኤስኤውም ላይ ምንም አይታይም።

ምላሽ 29። የፓርኳ እህት የሣጥኑን ስፋት ጠየቀችው፤ 60 በ40 ሚሊሜትር ነው። እንዲህ ያለ ሣጥን 4.5 ጊጋኸርዝ ላይ ያስተጋባል፣ ትራንዚስተሩ ደግሞ እዚያም ጌይን አለው። መሣሪያው እስከ 960 ብቻ ስለሚያይ ነው የማይታየው። ክዳኑ የኮሌክተሩን ሞገድ ወደ ቤዙ እየመለሰ ነው። ሦስት ነገር አቀረበች። ጠበብ ያለ ሣጥን፣ ወይም መሃሉ ላይ በግራውንድ የተበየደ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ወይም ኮሌክተሩ እግር ላይ በተከታታይ 10 ኦም። ሦስተኛው ትንሽ ጌይን ይበላል፣ ኖይዙን ግን ብዙ አይነካም፤ ከትራንዚስተሩ በኋላ ያለ ኪሳራ ነውና። እኔ በ30 ላይ በ10 ኦሙ ጀምር አልኩት፣ ሣጥኑን ሳትቀይር በአንድ ሶልደር የሚሞከር ነው። ክዳኑን እየከፈተና እየዘጋ ከረንቱን ይለካል። ካልተነቃነቀ ግድግዳውን መበየድ አያስፈልገውም።